ግቢያችሁ 40 ካሬ መሆኑን ዛፉ አያውቅም፦ ለጠባብ ግቢ ለየት ያለ ዛፍ፣ ድዋርፍ እና የሚበላ ተክል አመራረጥ

አንድ ጓደኛዬ አዲሱ ቤቱ በገባ በሳምንቱ ደወለና "ሰው ግቢ የሌለ፣ ለየት ያለ ዛፍ ንገረኝ" አለኝ። ስንት ካሬ ቀረህ ስለው መልስ የለም፣ ሄጄ ስንለካው ከ175 ካሬ ላይ ቤቱም ሰርቪሱም የመኪናውም ቦታ ተነስቶ የተረፈችው 40 ካሬ ገደማ ናት፣ እሷም ላይ ቀድሞ ሦስት ችግኝ ገዝቶ ደርድሯል፣ ጃካራንዳ፣ ግራቪሊያ እና ሻጩ "ድዋርፍ ማንጎ ነው"፣ ማለትም አጭር ሆኖ የሚቀር፣ ያለው አንድ ነገር። ሦስቱም ጉልበት አይደርሱም። ችግሩም እሱ ነው፣ ፕላስቲክ ውስጥ እያለ ሁሉም ልጅ ነው፣ ሁሉም ያምራል፣ ጃካራንዳው ከ10 ሜትር አልፎ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ሲተኛ ግን ሻጩ መጥቶ አይቆርጥላችሁም።

ይሄን ምጽፈው አዲስ አበባና እንደሷ ደጋ ወይ ወይና ደጋ ከተማ ላይ ትንሽ ግቢ ላላችሁ ነው። ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ያላችሁ ሰዎች አመራረጡን ውሰዱና ዝርዝሩን ግን በራሳችሁ ሙቀት ቀይሩት፣ እናንተ ጋ ማንጎም ፓፓያም ሙዝም ይሆናል፣ እኛ እዚህ በብርድ የምንሰቃይበት ነገር እናንተን አይመለከትም።

1. መጀመሪያ ሜትር፣ ከዛ ፀሐይ

ሜትር ይዛችሁ ባዶውን መሬት ለኩ። ከግድግዳና ከአጥር 2 ሜትር፣ ከሴፕቲክ ታንክና ከውሃ መስመር ቢያንስ 3 ሜትር ቀንሱ፣ ቀና በሉና የመብራት ሽቦ ካለ ደሞ ከስሩ ያለውን ለአጫጭር ነገር ብቻ ተዉት። ይሄ ሁሉ ተቀንሶ ዛፍ ሊቆምበት የሚችለው ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ ነጥብ ነው፣ ቢበዛ ሁለት። እዛች ነጥብ ላይ ካስማ ትከሉ። ከዚህ በኋላ ያለው ውሳኔ ሁሉ ስለዛች ካስማ ነው።

ቀጥሎ አንድ ቀን ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት እና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ካስማዋን ፎቶ አንሷት፣ ጥላ ውስጥ ናት ወይስ ፀሐይ ላይ? ሰው የሚሳሳተው የት ጋ መሰላችሁ፣ ክረምት ላይ ያይና በጋ ላይ ይገረማል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በሰኔና በሐምሌ የቀትር ፀሐይ ትንሽ ከሰሜን በኩል ነች፣ በታኅሣሥ ግን በደንብ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ 9 ሜትር ቁመት ያለው ጂ ፕላስ ቱ ቤት በታኅሣሥ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን 5 ሜትር ተኩል ገደማ ጥላ ይጥላል። ከቤታችሁ በስተሰሜን ያለች ጠባብ ግቢ ማለት ልክ ውርጭ በሚመታበት ወር ፀሐይ የማታይ ግቢ ማለት ነው። እዛ ሎሚ አትትከሉ።

ከፍታም አለ። ከአቃቂ ወደ 2100 ሜትር አካባቢ ተነስቶ እንጦጦ ጫፍ ላይ 3000 ሜትርን የሚያልፍ ከተማ ውስጥ ነው የምንኖረው፣ በየ100 ሜትሩ ደሞ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፣ ስለዚህ "አክስቴ ግቢ ቃሊቲ በቅሏል" ማለት ሽሮ ሜዳ ይበቅላል ማለት አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ውርጭ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ነው የሚፈሰው፣ ወንዝ ዳር ወይ ጎድጓዳ ቦታ ያላችሁ ሰዎች ከናንተ 50 ሜትር ከፍ ብሎ ካለው ጎረቤት የበለጠ ትመታላችሁ።

2. ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት

ይሄን ሰው ሁሉ ይዘለዋል፣ እኔም ዘልዬዋለሁ። ካስማዋ ጋ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ውሃ ሙሉና ይምጠጠው፣ ከዛ ድጋሚ ሙሉና ሰዓት ያዙ። በሁለት ሦስት ሰዓት ከጠጣው እድለኛ ናችሁ፣ አብዛኛውን የፈለጋችሁትን መትከል ትችላላችሁ። ጠዋት ሞልታችሁት በነጋታውም ውሃው እዛው ቁጭ ካለ ጥቁር አፈር ነው ያላችሁ፣ ክረምት እንደ ጭቃ ሊጥ የሚሆነው፣ በጋ ላይ ደሞ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው። በቦሌ፣ በሰሚት፣ በአያት፣ በአቃቂ በኩል ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ግንብ የሚሰነጥቀውም እሱው ነው።

እኔ ይሄን ፈተና ሳልፈትን ከበላሁት አቮካዶ ፍሬውን አብቅዬ ተከልኩ። አምስት ክረምት አሳደግኩት፣ በጣም ያምር ነበር፣ እንግዳ ሲመጣ ወስጄ ማሳየው እሱን ነበር። በስድስተኛው ክረምት ማብቂያ ከጫፉ ጀምሮ ቅጠሉ እያነሰ፣ እየገረጣ መጣ፣ እኔ ውሃ ያነሰው መስሎኝ በየቀኑ አጠጣዋለሁ፣ ለካ ስሩ በውሃ በስብሶ ነው። ስነቅለው ስሩ እንደ ከሰል ጠቁሮ በእጄ ይፈረካከሳል። ሐስ የሚባለው አቮካዶ እናት ዛፍ ራሱ፣ ዛሬ ዓለም ላይ ያለው ሐስ ሁሉ ከሱ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ ሌላ ስር ላይ የተዳቀለው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለዓመታት ከስር መበስበስ ጋር ታግሎ በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የሞተው። የኔው ምን ይገርማል!

ጥቁር አፈር ካላችሁ ሁለት ምርጫ ነው ያላችሁ። ወይ መሬቱን ከ40 እስከ 50 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ ዙሪያውን በድንጋይ ደግፋችሁ በመደብ ላይ መትከል፣ ወይ ጥቁር አፈርን የሚችል ተክል መምረጥ። ጉድጓዱን ብቻ በጥሩ አፈር መሙላት ግን ዋጋ የለውም፣ ጭቃ መሃል ያለ ባልዲ ነው የሚሆነው፣ የዙሪያው ውሃ በሙሉ እዛ ይጠራቀማል።

3. ድዋርፍ ሲባል ምን ማለት ነው

"ድዋርፍ" የሚለው ቃል ችግኝ ሻጮች ጋ እንደ "ኦሪጅናል" ሆኗል፣ ሁሉም ነገር ድዋርፍ ነው። አንድ ዛፍ አጭር ሆኖ የሚቀረው በአራት ምክንያት ነው፣ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ አትግዙ።

አንደኛው በተፈጥሮው አጭር ዝርያ ነው፣ ለምሳሌ ድዋርፍ ካቨንዲሽ ሙዝ። ሁለተኛው ከላይ ያለው ዛፍ ትልቅ ሊሆን የሚችል ሆኖ ከታች የተዳቀለበት ሩትስቶክ፣ ማለትም ስሩን የሚሰጠው የታችኛው ግንድ፣ እድገቱን ስለሚይዘው ነው፣ ፖም እንዲህ ነው። ሦስተኛው በርሜል ወይ ማሰሮ ውስጥ ስሩ ስለታሰረ ነው። አራተኛው በመቀስ ነው፣ በየዓመቱ ስለምትቆርጡት። ሦስተኛውና አራተኛው የናንተ ሥራ እንጂ የችግኙ ባሕርይ ስላልሆነ ለሱ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

ፖምን ትንሽ ላብራራው፣ ምክንያቱም ጨንቻ ላይ ሚስዮናውያን ካስገቡት ወዲህ በደጋ አካባቢ ተስፋፍቶ አሁን አዲስ አበባም ችግኙ እንደ ልብ ይገኛል። ሩትስቶኮቹ በብዛት እንግሊዝ አገር ኢስት ሞሊንግ ከሚባለው ምርምር ጣቢያ የወጡ ናቸው፣ በፊደልና በቁጥር ነው የሚጠሩት። ኤም 9 ላይ የተዳቀለ ፖም 2 ሜትር ተኩል፣ 3 ሜትር ላይ ይቆማል፣ ግን ስሩ ደካማ ስለሆነ እድሜውን ሙሉ ምርኩዝ ይፈልጋል፣ ምርኩዙን ያነሳችሁ ቀን ከነፍሬው ይወድቃል። ኤም ኤም 106 መካከለኛ ነው፣ 4 ሜትር አካባቢ፣ ነገር ግን እግሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም አንገቱ ይበሰብሳል፣ ለጥቁር አፈር አልመክረውም። ኤም ኤም 111 ከሁለቱም ይተልቃል፣ ድርቅም የከበደ አፈርም ይችላል፣ በመቀስ ትይዙታላችሁ።

ከላይ ያለው ዝርያ ደሞ ብዙ ብርድ የማይጠይቅ መሆን አለበት። ፖም እንደ አውሮፓ ክረምት ያለ ረጅም ብርድ ይጠብቃል፣ እኛ ጋ ያ የለም። ስለዚህ አና ዋና ምርጫ ነው፣ እስራኤል ውስጥ ኤን ሼሜር ኪቡትስ ላይ ለሞቃት አገር ተብሎ የወጣ ዝርያ ነው፣ ባሐማስ የተገኘው ዶርሴት ጎልደን ደሞ ጓደኛው ነው። ጓደኛው ስል ቀልድ አይደለም፣ አና ብቻውን ሲተከል በደንብ ስለማያፈራ ዶርሴት ጎልደን በአካባቢው ማበብ አለበት። ቦታ ለሁለት ከሌላችሁ ጎረቤታችሁን አግባቡት፣ እናንተ አና እሱ ዶርሴት፣ ንብ አጥር አያግደውም።

እና ያ የተዳቀለበት ጠባሳ፣ ግንዱ ላይ ከአፈሩ ከ10 እስከ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ የሚታየው እብጠት፣ ሲተከል በፍጹም አፈር እንዳይነካው። አፈር ከነካው ከላይ ያለው ራሱን ችሎ ስር ያወጣል፣ ያኔ ድዋርፍነቱ አበቃ፣ ከፍላችሁ የገዛችሁት ነገር ሄደ ማለት ነው።

4. ለየት ያለ ዛፍ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ

ሰው ፒንተረስት ላይ የጃፓን ሜፕል አይቶ ይመጣል። ሜፕል ቅጠሉን የሚያረግፍበት እውነተኛ ብርድ ይፈልጋል፣ የኛ በጋ በቀን ፀሐይ ቅጠሉን ጠብሶ ይጨርሰዋል። ሌላው ሰሜን ተራሮች ወይ ባሌ ሄዶ ጅብራ አይቶ ይጓጓል፣ እሱ ከ3000 ሜትር በላይ ያለ ፍጥረት ነው፣ ከፓርክ ነቅሎ ማምጣት ደሞ ክልክል ነው። ይልቅ እነዚህን ልብ በሉ።

እንሰት። አዎ እንሰት። "ይሄ የጉራጌ አገር ምግብ አይደል እንዴ" የሚል ሰው አይጠፋም፣ ግን ለንደን ያለ ዘመዳችሁን ጠይቁት፣ ማውሬሊ የሚባለው ቅጠሉ ወደ ቀይ የሚያደላ የእንሰት ዘር ችግኝ መሸጫ ውስጥ በፓውንድ ይሸጣል፣ ፈረንጆቹ ክረምት ሲመጣ ነቅለው ቤት ያስገቡታል ወይ ይጠቀልሉታል። እኛ ጋ ምንም ሳይጠቀለል ያድጋል። ለጠባብ ግቢ የሚመቸው ቅርንጫፍ ስለሌለው ነው፣ ወደ ጎን አይሄድም፣ ስሩም ግንብ አይገፋም፣ ቅጠሉን በነፋስ እንዳይቀደድ ጥግ ላይ ትከሉት። ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ አንዴ ያብብና ይሞታል፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ተተኪ አዘጋጁ፣ እንደ ሙዝ ራሱን በራሱ አያባዛም፣ የግንዱ እምብርት ተቆርጦ ነው ከስር ቡቃያ የሚያወጣው።

ጥቅሙን ለማወቅ ጳጉሜ ላይ ጠብቁ። ለእንቁጣጣሽ ድፎ ዳቦ የሚጋግር ሰፈር ሙሉ በራችሁን ያንኳኳል። የኛ ጎረቤት እትዬ ይመጡና "ልጄ፣ ሁለት ኮባ ቁረጥልኝ፣ የተቀደደውን እንዳትሰጠኝ" ይላሉ። ከታች በኩል ያለውን፣ ከውጪ ያለውን ቅጠል ነው የምትቆርጡት፣ የመሃሉን አትንኩ። ወፍራሙ የመሃል አጥንት በቢላ ይላጣል፣ ከዛ ቅጠሉ በእሳት ላይ ሳብ ሳብ ይደረጋል፣ ቀለሙ ወዲያው ይጠቁርና እንደ ጨርቅ ይለሰልሳል፣ ያኔ ሲታጠፍ አይሰነጠቅም። ሳይሞቅ ያጠፈው ሰው ሊጡን ምጣዱ ላይ ነው የሚያገኘው።

ወይራ። ቀስ ብሎ ያድጋል ተብሎ ይናቃል፣ ለጠባብ ግቢ ግን ቀስ ማለቱ ነው ጥሩነቱ። በመቀስ እንደፈለጋችሁ ትቀርጹታላችሁ፣ ኳስም ይሆናል አጥርም ይሆናል፣ በርሜል ውስጥ ደሞ እንደ ቦንሳይ ይያዛል። የቆረጣችሁትን እንዳትጥሉት፣ አድርቁትና የጠላ ጋን ወይ የወተት ዕቃ ላለው ስጡት፣ በጭሱ ያጥንበታል።

ቀጋ። የዱር ጽጌረዳ ነው፣ ከሰሃራ በታች በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው ጽጌረዳ እንደሆነ ይነገርለታል። ነጭ አበባው ሲፈነዳ ሽታው ከበር ይቀበላችኋል፣ ቀዩ ፍሬው ይበላል። ሁለት ሜትር፣ ሦስት ሜትር ላይ መያዝ ይቻላል ግን እሾሁ ቀልድ አያውቅም፣ ልጆች የሚሮጡበት መተላለፊያ ዳር አይሆንም።

አጋም ደሞ ለአጥር። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ አበባው ከጃስሚን አይተናነስም፣ ጥቁሩን ፍሬ ልጅ እያለን የበላነው ነው። ብቻ አጠገቡ ለስላሳ ነገር አትትከሉ፣ "አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል" የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም፣ ቅጠሉ ሰፊ የሆነ ተክል አጠገቡ ካለ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይበሳሳል። ኮሽምም እንደዚሁ የእሾህ አጥር ይሆናል፣ ጎምዛዛ ብርቱካናማ ፍሬ ይሰጣል፣ ወንድና ሴቱ ለየብቻ ስለሆነ ግን አንድ ብቻ ተክላችሁ ፍሬ አትጠብቁ፣ አምስት ስድስት ደርድሩ።

ኮሶ ካያችሁት ትወዱታላችሁ፣ የሴቷ ቀይ አበባ እንደ ወይን ዘለላ ይንዠረገጋል፣ ግን እስከ 20 ሜትር የሚሄድ ዛፍ ነው፣ ከ500 ካሬ በታች ያለ ሰው ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ሄዶ ይየው። ብርብራና ኮርችም ያው፣ ሁለቱም የኢትዮጵያ ብቻ የሆኑ ቆንጆ ዛፎች ናቸው፣ ለናንተ ካስማ ግን አይደሉም። ከውጪ ከመጡት ውስጥ ለጠባብ ቦታ የምወደው ቀይ ቦትልብራሽ ነው፣ አበባው የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የሚመስለው፣ 4 ሜትር አካባቢ ይቆማል፣ ወፍ አያጣም።

5. የሚበላው

እዚህ ጋ ሰው ሁሉ አቮካዶ ይላል። አፈራችሁ ውሃ የሚያሳልፍ ከሆነና ውርጭ ከሌለ እሺ፣ ግን የተዳቀለ ግዙ፣ ከፍሬ የበቀለው ሰባትና አስር ዓመት ሊያስጠብቃችሁ ይችላል፣ ሲያፈራም እናቱን አይመስልም፣ የተዳቀለው በሦስት አራት ዓመት ይጀምራል። ካልሆነ የኔ አንደኛ ምርጫ ወሽመላ ነው። ብዙ ሰው ስሙን ረስቶታል እንጂ በድሮ ግቢዎች ውስጥ ነበር፣ ትልልቅ የተሸበሸበ ቅጠል ያለው፣ አበባው የሚሸት፣ ቢጫ ጣፋጭ ፍሬ የሚሰጥ፣ ቅጠሉ የማይረግፍ። በመቀስ 3 ሜትር ላይ ይያዛል። የገበያ ፍሬ ያልሆነው ሲነካ ስለሚጠቁር ነው፣ ግቢ ውስጥ ላለው ሰው ግን ያ ምን ቸገረው፣ ከዛፉ ነው የሚበላው። ፍሬውን ብሉ፣ የውስጡን ዘር ግን አታኝኩ፣ መርዝነት አለው።

ኮክ ሁለተኛዬ ነው። ከዘር ስትተክሉት እንኳ በሦስት አራት ዓመት ያፈራል፣ ቅጠሉ ሳይመጣ በሮዝ አበባ ሲሸፈን ለብቻው ጌጥ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ፍሬ የሚይዘው አምና በወጣው ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ ካልተገረዘ ፍሬው በየዓመቱ ወደ ላይ እየሸሸ ይሄድና መጨረሻ ላይ የወፍ ብቻ ይሆናል። ካዝሚር ደሞ የማይታወቅ ጣፋጭ ፍሬ ነው፣ እንደ ክሬም ያለ፣ ግን ትልቅ ዛፍ ነው፣ ፍሬውም በስሎ ሲወድቅ መሬት ላይ ይፈርጣል፣ መኪና የሚቆምበት ጋ ከተከላችሁት በየጠዋቱ መኪና ማጠብ ነው።

ሎሚ ከፈለጋችሁ በርሜል ለሁለት አስቆርጡ፣ የበርሜሉን ታች በሚስማር አስበሱ፣ ፊቱ ወደ ደቡብ ከሆነ ግድግዳ ጋ አስጠጉት። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልስለታል።

አሁን ከዛፍ ወረድ እንበል፣ እውነቱን ለመናገር 40 ካሬ ላይ ብዙ የሚሰጣችሁ ይሄ ነው። ጌሾ እስቲ አስቡት፣ ቅጠሉ በዘይት የተወለወለ ይመስላል፣ ፍሬው ቀይ ሆኖ ይጠቁራል፣ አንድ ሜትር ተኩል ላይ እየከረከማችሁት የሚያምር አጥር ይሆናል፣ የከረከማችሁት ቅጠል ለጠላ እንጨቱ ለጠጅ፣ ከዚህ የተሻለ አጥር ማን አየ? ብቻ ውሃ ይወዳል። መንገድ ዳር የጥብስ ቅጠል በ40 ሳንቲሜትር ልዩነት ደርድሩ፣ ያለ ብዙ ውሃ ይኖራል፣ ኮሰረት ለቅቤና ለክትፎ ጥግ ላይ፣ ጠጅ ሳር ቧንቧው ጋ፣ ግንዱ ቀይ የሆነው ቆስጣ ደሞ አበባ መደብ ውስጥ ቀላቅሉት፣ ማንም አትክልት ነው አይልም። በአጥሩ ሽቦ ላይ ሐምራዊውን ፓሽን ፍሩት ስቀሉት፣ ፀሐይ ካገኘ አበባው ብቻ ይበቃል።

ለጓደኛዬ 40 ካሬ መጨረሻ ላይ የወጣለት ይሄ ነው፦ ካስማዋ ላይ አንድ ወሽመላ፣ በነፋስ መከላከያው ጥግ አንድ እንሰት፣ በአጥሩ 6 ሜትር ላይ በ60 ሳንቲሜትር ልዩነት አስር ጌሾ፣ በር ላይ በግማሽ በርሜል አንድ ወይራ፣ የቀረው የጥብስ ቅጠልና ቆስጣ። ጃካራንዳውን ለትምህርት ቤት ሰጠነው።

ልጅ ላለበት ቤት አንድ ማስጠንቀቂያ። ኦሊያንደር እና እንደ ደወል ወደ ታች የሚንጠለጠል ትልቅ አበባ ያለው ብሩግማንሲያ ሁለቱም በጣም ያምራሉ፣ ሁለቱም መርዝ ናቸው። የሚበላ ተክል ያለበት ግቢ ውስጥ ልጅ "ከዚህ ብላ ከዚያ አትብላ" ሲባል አይሰማም።

6. ችግኝ ጣቢያ ስትሄዱ

ክረምት ላይ መንገድ ዳር ሁሉ ችግኝ ነው፣ ዋጋውም ይወደዳል፣ ከቻላችሁ ግንቦት ላይ ሂዱ። አንዴ "ድዋርፍ ፖም" ልገዛ ሄጄ የተነጋገርነው ይሄ ነው፦

"ጋሼ፣ ይሄ ድዋርፍ ነው፣ ከደረትህ አያልፍም።"

"የተዳቀለበት ጠባሳው የታለ?"

"ምን ጠባሳ?"

በቃ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ፖም ሆኖ ጠባሳ ከሌለው ከዘር የበቀለ ወይ ተቆርጦ የተተከለ ነው፣ ቁመቱን ሊምል የሚችል ሰው የለም። ጠባሳው ካለ ደሞ ሩትስቶኩ ምንድነው በሉት፣ ቁጥሩን ካላወቀ "መካከለኛ" ብላችሁ ገምቱና ቦታውን በዛ ልክ አስቡ።

ሌላው ረጅሙን አትምረጡ። ሰው ከፍ ያለውን ያያል፣ እኔ ታች ነው የማየው፣ ፕላስቲኩን አዙራችሁ ከስር ስሩ ወጥቶ መሬት ውስጥ ገብቶ ከሆነ ተዉት፣ ሲነቀል ዋናው ስር ይቀራል። ከተፈቀደላችሁ ከፕላስቲኩ ሸርተት አድርጋችሁ እዩት፣ ስሩ እንደ ገመድ ዞሮ ዞሮ ተጠምጥሞ ከሆነ ያ ዛፍ ከአምስት ዓመት በኋላ ራሱን በራሱ ያንቃል። ቅጠሉን ደሞ ገልብጡት፣ ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር ወይ ጉንዳን የሚመላለስበት ካለ ተባይ ይዛችሁ ነው ቤት የምትገቡት፣ በተለይ ሎሚና ብርቱካን ላይ።

7. አተካከል

ጉድጓዱን ዝናብ ሳይመጣ ቆፍሩት፣ 60 በ60፣ የላዩን አፈር በአንድ በኩል የታቹን በሌላ በኩል። የተብላላ ፍግ ከላዩ አፈር ጋ አንድ እጅ ለሦስት ቀላቅሉ፣ ትኩስ ፍግ ስር ያቃጥላል። ፕላስቲኩን ቅደዱትና አውጡት፣ ይሄን የምጽፈው ከነፕላስቲኩ የተተከለ ችግኝ ስላየሁ ነው፣ አንዴም አይደለም። የተጠማዘዘ ስር ካለ በቢላ ቁረጡ፣ አትፍሩ።

መቼ? ቀይ አፈር ያላችሁ ሰኔ አጋማሽ ላይ። ጥቁር አፈር ያላችሁ በመደብ ላይ ካልሆነ ሐምሌን ዝለሉና ነሐሴ መጨረሻ ላይ ትከሉ፣ ከዛ በኋላ በእጃችሁ ታጠጣላችሁ። ሎሚና አቮካዶ የመሳሰሉ ብርድ የሚፈሩትን ግን የበልግ ዝናብ ካለ መጋቢት ሚያዝያ ላይ ብትተክሏቸው ይሻላል፣ ኅዳር ሲመጣ ጠንከር ብለው ይጠብቁታል።

8. የመጀመሪያው በጋ

ችግኝ የሚሞተው ክረምት አይደለም፣ ከጥቅምት በኋላ ሁሉም ሰው ሲረሳው ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከምታርከፈክፉ በሳምንት ሁለቴ አንድ ሙሉ ባልዲ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፣ ስሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ የሆነበት ሰፈር ከሆናችሁ የሩዝና የአትክልት እጣቢ አጠራቅሙ፣ ሳሙና ያለበትን ግን ተዉት። ከስሩ ዙሪያ ድርቆሽ ወይ የደረቀ ቅጠል ጎዝጉዙ፣ ግንዱን እንዳይነካው አንድ እጅ ራቅ አድርጉት፣ አለበለዚያ አንገቱ ይበሰብሳል።

የፖም ችግኝ ካላችሁ ሁለተኛ ዓመት ላይ በበጋው ቅጠሉን በእጃችሁ ልቀሙት፣ በብርድ ፈንታ እናንተ ናችሁ እምቡጡን የምትቀሰቅሱት፣ ከዛ አንድ ላይ ያቆጠቁጣል። ከጠባሳው በታች የሚወጣውን ቡቃያ በሙሉ ግን ወዲያው ንቀሉ፣ እሱ የገዛችሁት ፖም አይደለም።

ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ የሌለበት ማታ ከሆነ ያቺ ለሊት ውርጭ የሚያሰጋባት ናት። አራት እንጨት ዙሪያውን ተክላችሁ ጆንያ አልብሱ፣ ፕላስቲክ አይሁን፣ ቅጠሉን የነካበት ቦታ ይቃጠላል። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ፣ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ጆንያውን አንሱት። ቅጠሉ ተመትቶ ጠቁሮ ካገኛችሁት ደሞ ቶሎ አትቁረጡት፣ የጠቆረው ከስሩ ያለውን ይሸፍንለታል፣ ውርጩ እስኪያልፍ፣ እስከ የካቲት ድረስ ተዉት።